የስፊር መመሪያና የውኃ ገንዘብ ድልድል

በሰብአዊ ዕርዳታ ሥራ የተሰማራ የጤና ባለሙያ «15 ሊትር» የሚለውን ቁጥር አያጣውም። ቁጥሩን በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው የስፊር መመሪያ ነው። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ጥረት ውጤት ሲሆን ከመነሻዎቹ ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1994 በጎማ በሩዋንዳ ስደተኞች ላይ የወረደው መዓት ነው። በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹን የፈጃቸውም ኮሌራና ሌላው የተቅማጥ በሽታ ነበር። እንግዲህ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መፀዳጃ የሚለው ልክ በብዙ ሕይወት የተገዛ ነው።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን አራተኛ እትም በገንዘብ ደልዳይ ዓይን ላነበበው አንድ ክፍተት ጎልቶ ይታያል። መጽሐፉ ስንት እንደሚበቃ ይነግረናል፤ ገንዘቡ ለግማሽ ብቻ ሲደርስ ማን እንደሚቀድም ግን አይነግረንም። ልኩ ካልተሟላ ምክንያቱን አስረዱ፣ ጉዳቱን ቀንሱ ይላል። መልካም ምክር ነው፤ ስብሰባ ላይ የተቀመጠው ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ለሁሉም ሰባት ሊትር ተኩል ይዳረስ ወይስ ለግማሹ ሕዝብ 15 ሊትር? በብርቱ ድርቅ ወቅት 7.5 ሊትር ለአጭር ጊዜ ሊፈቀድ እንደሚችል መመሪያው ራሱ ጽፏል። ይሁንና ፕሮጀክት አቅራቢው የተረጂውን ቁጥር በ15 አባዝቶ ይመጣል፤ ገምጋሚውም ብዜቱን አይቶ ይፈርማል። (ለዚህ ሥራ የጤና ባለሙያ አያስፈልግም።)

በነፍስ ወከፍ የሚደረግ ድልድል አስቀድሞ የሚጎዳው የሕክምና ማዕከሉን ነው። በዚሁ መጽሐፍ መሠረት የኮሌራ ማዕከል በቀን ለአንድ ታማሚ 60፣ ለአስታማሚው 15 ሊትር ያስፈልገዋል። 50 ታማሚዎችና 50 አስታማሚዎች ቢኖሩ 3,750 ሊትር ይሆናል። እነዚሁን መቶ ሰዎች በ15 ብናባዛቸው የሚወጣው 1,500 ብቻ ነው። በጎደለው 2,250 ሊትር እጅ ሳይታጠብ፣ ባልዲ ሳይጸዳ ይቀራል፤ በሽታውም ከማዕከሉ ወደ መንደር ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ድርቅ በደቡቡና በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በበረታበት ወቅት በባሌ ኮሌራ መቀስቀሱን ለሚያስታውስ ይህ ስሌት የወረቀት ልምምድ አይደለም።

ሌላው ጉድለት ጄሪካኑ ውስጥ ነው። መመሪያው በማደያው ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲገኝ ይጠይቃል። በደቡብ ሱዳን የስደተኞች መጠለያዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን ውኃው ቤት ገብቶ እስኪጠጣ ድረስ ይህ እንደማይበቃ፣ በቧንቧው ላይ ወደ 1 ሚሊግራም ከፍ ሊል እንደሚገባ አመልክቷል። ክሎሪን ከቦቴ ኪራይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ቤት ለቤት ዞሮ የሚለካው ሰው ደመወዝ ግን በሊትር ስለማይቆጠር ከሰንጠረዡ ላይ ቦታ አያገኝም።

በእኔ አስተያየት ገንዘቡ ሲያጥር የሕክምና ማዕከሉ ውኃ ሳይሸራረፍ ይመደብ፤ ቀጥሎ ክሎሪኑና ልኬቱ፤ የተረፈው፣ ቢያንስም፣ ለሁሉም ይዳረስ። ታማሚዎቹ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ የሚያሳየው መዝገብ በጤና ጣቢያው እጅ ስላለ የቦቴው መድረሻም ከዚያ ይነሣ። የአምስተኛው እትም አዘጋጆች ስለዚህ ቅደም ተከተል አንድ ምዕራፍ ቢጨምሩ እንወዳለን፤ እስከዚያው ድረስ የድልድል ኮሚቴዎች መዝገቡን የያዘውን ባለሙያ ከነመዝገቡ ይጥሩት።