ፊት ዝም ሲል ገላ ይናገራል፦ ስለ ኒሪት ታከለ ሥዕሎች

የሰው ምስል የሚስል ሠዓሊ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቁርጥ እሱን ይመስላል ወይ?» ተብሎ ነው። ኒሪት ታከለ ዘንድ ይህ ጥያቄ ብዙ አያስኬድም። በ1985 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የተወለደችው፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጣችውና በሸንካር ኮሌጅ የተማረችው ይህች ሠዓሊ ፊትን ታቀላለች፣ ገላን ታገዝፋለች።

ምንጯ የቤተሰብ ትዝታ፣ የኢትዮጵያ ኑሮና እዚሁ አገር የምናውቀው የማኅበረሰባችን ተቃውሞ ነው። እኔ ደግሞ ሳየው ትዝ የሚለኝ ወለቃ ነው፤ ጎንደር አጠገብ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ይሠሯቸው የነበሩት ትናንሽ የሰው ምስሎች። ከዚያ ወሰደች ማለቴ አይደለም፤ ግን ክንዱም ጭኑም በመዳፍ የተድቦለቦለ ይመስላል።

ታዲያ «ሁላችሁም ትመሳሰላላችሁ» እየተባለ ላደገ ወጣት፣ ፊት የማይለይ ሥዕል አይከፋም? ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳንዴ ልስላሴው በዝቶ ሰውየው ሐውልት ይሆናል። ቀረብ ስትሉ ግን ቡናማው አንድ አይደለም፤ ጠይሙ፣ ቀይ ዳማው፣ ጥቁሩ የየራሱ ቦታ አለው። አሜሪካዊቷ ኤሚ ሼራልድ በ2018 ይፋ በሆነው ሥዕል የሚሼል ኦባማን ገላ ግራጫ አደረገችው፤ ኒሪት በተቃራኒው ቡናማውን አበዛችው።

ደግሞስ አያታችንን ከሩቅ የምንለያቸው በፊታቸው ነው እንዴ? በአረማመዳቸው፣ በነጠላ አጣጣላቸው አይደል? ዖሜርም ቤር ሼቫም ያላችሁ፣ ሥዕሏ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ትከሻውንና እጁን እዩ። ሰውየው ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው።