ስለ መጨረሻው ስንብት፤ «የንጉሡ መመለስ» በተባለው የሲኒማ ሥዕል

ቶልኪን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በፈረንጆች ቍጥር ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ክፍል ያሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለ መጽሐፍ፥ ፒተር ጃክሰን በሚባል የኒውዚላንድ ሰው ወደ ሲኒማ ተዛውሮ፥ «የንጉሡ መመለስ» የተባለው ሦስተኛው ክፍል በ1996 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ሥዕሉ 11 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ርዝመቱ ከ3 ሰዓት በላይ ስለ ሆነ ግን፥ ብዙ ተመልካች «አለቀ ሲሉት እንደ ገና ይጀምራል» እያለ መጨረሻውን ነቅፎታል። ይህ ከላይ ከላይ ያየ ሰው ነቀፋ ነው። ስንብቱ መርዘሙ ጉድለት አይደለም፤ ጉድለቱ ስንብቱን ያመጣው ምክንያት ከሥዕሉ ተቈርጦ መውጣቱ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፍሮዶ የሚባል ከአጫጭር ሕዝብ ወገን የሆነ ሰው፥ ዓለሙን ሊገዛ የሚችለውን ክፉ ቀለበት በእሳት ተራራ ውስጥ ለማጥፋት ተሸክሞት ይሄዳል፤ አትክልተኛው ሳምም እስከ መጨረሻው አይለየውም። ቀለበቱ ጠፍቶ፥ ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ፥ ሁሉም ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ ፍሮዶ በመንገድ ላይ የተወጋው ቍስል አልሽር ይለዋል። ስለዚህ ወዳጆቹን በባሕር ዳር ተሰናብቶ፥ ከሽማግሌው ከጋንዳልፍ ጋር በመርከብ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ሳም እያለቀሰ ይቀራል።

በመጽሐፉ ውስጥ አራቱ ወዳጆች አገራቸው ሲደርሱ የሚያገኙት ሰላምን አይደለም። እነርሱ በሌሉበት ክፉዎች ገብተው ዛፉን ቈርጠዋል፥ ቤቱን አበላሽተዋል፤ ከአገሩም ልጅ ለጥቅም ያደረ አልታጣም። ይህን ነገር ለአምቦና ለጊንጪ፥ ለጌዶና ለባኮ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ዘመን፥ ከእነ ገረሱ ዱኪ ጋር በዱር የከረመ አርበኛ ሲመለስ ቤቱ ተቃጥሎ፥ ጎረቤቱ ባንዳ ሆኖ ማግኘቱን ያልሰማ ልጅ በምዕራብ ሸዋ ጥቂት ነው። ፍሮዶ በዚህ ጊዜ ሰይፍ አይመዝም፤ እጁን የሰጠ ጠላት እንዳይገደልም ይከለክላል፤ በጩቤ ሊወጋው የሞከረውን እንኳ በሰላም ይሂድ ይላል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ ማዘዛቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ፥ ይህ ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የሚቀርብ ነው። ሰውየው አገሩን አድኖ፥ በቀልን እምቢ ብሎ፥ በአገሩ ግን መኖር ያቃተው መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ጃክሰን ይህን ሁሉ ተወው። በሥዕሉ ውስጥ አገሩ እንደ ተተወ ለምለም ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ የፍሮዶ መሄድ ድንገተኛ ይመስላል። ይባስ ብሎ ወዳጆቹ እንደሚሄድ የሚሰሙት ከመርከቡ አጠገብ ቆመው ነው፤ በመጽሐፉ ግን ሳም አስቀድሞ በመንገድ ላይ ይረዳዋል።

ሆኖም ፍርድ ሚዛን ያስፈልገዋልና፥ ለተቈረጠው ክፍል ካሣ የምትሆን አንዲት ትንሽ ትርኢት አለች። አራቱ ወዳጆች በመንደራቸው መጠጥ ቤት ተቀምጠው፥ ሕዝቡ ስለ አንድ ትልቅ ዱባ ሲደነቅ፥ እነርሱ ያለ ንግግር ብርጭቋቸውን ያነሣሉ። የት እንደ ነበሩ የሚጠይቃቸው የለም። ከጦር ሜዳ ተመልሶ በሠርግ መካከል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ቶልኪንም ያውቀው ነበር፤ በፈረንጆች ቍጥር በ1916 በሶም ጦርነት ተዋግቶ፥ በዚያው ዓመት ሁለት የቅርብ ወዳጆቹን አጥቷል። ጃክሰን ይህችን ትርኢት ጥቂት ቢያረዝማት፥ ከሠርጉና ከዘውዱ በዓል ቢቀንስ በተሻለ ነበር።

አሁን ወደ መርከቡ እንመለስ። ሥዕሉን ያየ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፍሮዶ ሞተ ማለት ነው ወይስ ሄደ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከተመልካቹ ስንፍና የመጣ አይደለም፤ ያመጣው ጃክሰን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የዝናቡ መጋረጃ ተገልጦ ፍሮዶ ነጩን ዳርቻ የሚያይበት ቃል የሚገኘው በመርከቡ ጕዞ መጨረሻ ነው። ሥዕሉ ግን ያንኑ ቃል አስቀድሞ በተከበበችው ከተማ ውስጥ ለጋንዳልፍ ሰጥቶት፥ ሞት ምን እንደሚመስል ለፒፒን ያስረዳበታል። ከዚያ ወዲያ መርከብ ያየ ሁሉ መቃብር ቢመስለው አይፈረድበትም። በቶልኪን አሳብ ግን ፍሮዶ የሚሄደው ከመሞቱ በፊት ቍስሉ ይሽርለት ዘንድ ነው። ከአምቦ በስተ ደቡብ ባለው በወንጪ ሐይቅ፥ ደሴቲቱ ላይ ወዳለው ወደ ቂርቆስ የሚመንን ዘመዱን እስከ ታንኳው የሸኘ ሰው ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። የመነነው አልሞተም፤ ቤቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ነው። ለሞተው ለቅሶ ተቀምጠው ይጽናናሉ፤ በሕይወት ለሄደው ግን ድንኳን አይተከልለትም። የስንብቱ ምሬትና ጣዕም የተቀላቀለው በዚህ ነው።

ከዚህ በቀር ትርኢቱ በብልሃት የተሠራ ነው። ፍሮዶ ሜሪንና ፒፒንን አቅፎ፥ ሳምን ግንባሩን ስሞ፥ ወደ መርከቡ ከገባ በኋላ ዘወር ብሎ ፈገግ ይላል። በሥዕሉ ግማሽ ከፊቱ የጠፋው ፈገግታ የሚመለሰው ሊለይ ሲል ብቻ ነው። ሳምን የሚጫወተው ሾን አስቲን ዕንባውን ለማሳመር አይሞክርም፤ እንደ ገበሬ ልጅ ያለቅሳል። የሃዋርድ ሾር ዜማ ግን በዚህ ቦታ ከሚገባው በላይ ያባብላል።

መጽሐፉን ለሳም የመስጠቱ ነገርም ሊታለፍ አይገባም። ፍሮዶ የጻፈውን ታሪክ ሲያስረክበው የመጨረሻዎቹ ገጾች ገና ባዶ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ሐምሌት» ያነበበ ሰው፥ ይህን ዐይነት ስንብት አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በዚያም የሚሞተው ልዑል ወዳጁን ከሞት አስቀርቶ፥ ታሪኩን እንዲናገርለት አደራ ይለዋል። ልዩነቱ ሆሬሽዮ ስለ ሞተ ሰው ሲናገር፥ ሳም ግን ስለ ራሱ ሚስትና ልጆች የሚጽፍበት ቦታ የተተወለት መሆኑ ነው።

በመጽሐፉ ሳም እስከ ሌሊት ድረስ በባሕሩ ዳር ቆሞ ማዕበሉን ይሰማል፤ ከዚያም ሦስቱ ሳይነጋገሩ ረጅሙን መንገድ ተጕዘው ይመለሳሉ። ሥዕሉ ይህን መንገድ ዘልሎ፥ በጠራ ፀሐይ ሳምን ከደጁ ያደርሰዋል። ልጁ እየሮጠች መጥታ ታቅፈዋለች፤ ሮዚም ትንሹን ልጅ ይዛ ትቀበለዋለች። ገብተው በሩ ይዘጋል፤ ተመልካቹም ለጥቂት ጊዜ የተዘጋውን በር ብቻ እያየ ይቀመጣል።