ከባሮ ዳር እስከ ጅጅጋ በስድስት ምላጭ

በካርታ ላይ ከጋምቤላ እስከ ጅጅጋ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ 925 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። አዲስ አበባ መስመሩ ላይ ቁጭ ልትል ምንም አልቀራት፤ ከጋምቤላ ቦሌ 475፣ ከቦሌ ጅጅጋ ደግሞ 450 ገደማ ነው። ቦሌ ወርዶ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ ቢጠብቅ እንጂ መንገድ አልዞረም።

በነዚህ መስመሮች ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ኪው 400 የሚባለው አውሮፕላን ነው። የካናዳ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያ በረራው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 ጀምሮ ይጠቀምበታል። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ የሚሠራውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ምርጫ ከተሰጠኝ የምቀመጠው ፕሮፔለሩ አጠገብ ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ ስድስቱን ምላጮች እዩአቸው። እያንዳንዱ ጠርዙን ወደ ፊት ሰጥቶ ቆሟል፤ ነፋስ ቢመጣ በጎንና በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ደግሞም አንዱም ምላጭ ዝርግ አይደለም፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀስ እያለ ይጠመዘዛል። ለመነሳት ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 220 ሜትር ያህል ይከንፋል፤ ሥሩ ግን ዝግ ይላል። ስለዚህ ዝግ የሚለው ሥር አየሩን በሰፊ ማዕዘን፣ የሚፈጥነው ጫፍ በጠባብ ማዕዘን እንዲቆርጥ ተደርጎ ተቀርጿል። ይህን ጥምዝ ያሰላ ሰው እጁ ይባረክ!

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ጋምቤላ ዝቅ ያለች ብትሆንም ሙቀቱ አየሩን ያሳሳዋል። ክንፉም ምላጩም የሚይዙት ሲያንሳቸው የሚያግዛቸው የሞተሩ አቅም ነው፤ እያንዳንዱ ከ5,000 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው። መሬት ሲለቅ ረጅሙ የጎማ እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ሞተሩ ሥር ይገባል፣ መዝጊያውም ይገጠማል።

ከዚያ ድምፁ ይወፍራል። መንገደኛው ሞተሩ የደከመ ሊመስለው ይችላል። ዙሩ መጀመሪያ ወደ 900፣ ቀጥሎ ወደ 850 ወርዶ ነው፤ ምላጮቹ በሥራቸው ላይ ዞር ብለው በእያንዳንዱ ዙር አየሩን አብዝተው ይዘግናሉ። አውሮፕላኑ ግን ከቅድሙ ይልቅ ይፈጥናል፤ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ፍጥነት ብቻ ቢሆን ጋምቤላና ቦሌ በ45 ደቂቃ ይገናኙ ነበር። ትኬቱ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚጻፈው መንደርደሪያ ድረስ መሄዱ፣ ሽቅብ መውጣቱ፣ ለማረፍ መዞሩ ተደምሮ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የማይታየው ነው። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ የተሰወሩ ማይክሮፎኖች የፕሮፔለሩን ጉርምርምታ ያዳምጣሉ፤ በአውሮፕላኑ የጎን አጥንቶች ላይ የታሰሩ መሣሪያዎችም ተቃራኒውን ንዝረት እየሰጡ ያበርዱታል። ከምላጮቹ ብዙም ሳይርቅ የእናቱ ደረት ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አይቻለሁ።

ጅጅጋ ሲደረስ ሞተሩ ይጠፋል፤ ምላጮቹ ዙራቸውን እየቀነሱ፣ ጠርዛቸውን መልሰው ወደ ፊት እየሰጡ ይቆማሉ። የመሬት ሠራተኛው ማሰሪያ ይዞ ይመጣና አንዱን ምላጭ ይጠፍረዋል። የፊት ጠርዙን የሸፈነው ብረት በፀሐዩ ያብረቀርቃል።