ታንኳውና ጸሐፊዎቹ፤ ስለ ባሕር ዳር መሻገሪያ የተጻፉ መጻሕፍት ሲመረመሩ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ዳርቻ የተቈረቈረችው ባሕር ዳር ያለ ድልድይ ብዙ ዘመን ኖራለች። ሰውን ከወንዙ ወዲህ ወደ ወዲያ፣ መነኩሴውን ከደሴት ወደ ምድር፣ ቡናውንና ጌሾውን ከዘጌ ጫካ ወደ ገበያ ያመላልስ የነበረው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ስለዚህ መሻገሪያ የተጻፈው ነገር ጥቂት አይባልም፤ መንገደኞች፣ ቆንሲሎች፣ የባሕር ተመራማሪዎችም ጽፈውበታል። መጻሕፍቱ አንድ ላይ ተሰብስበው ሲገላበጡ ግን ጐልቶ የሚታየው፣ ጸሐፊዎቹ ስለ ታንኳ ሲያወሩ በእውነቱ ስለ ሌላ ነገር ማውራታቸው ነው። አንዱ የሚጽፈው ስለ ዕፀዋት ነው፤ ሁለተኛው ስለ ደሴቶችና ስለ ወንዙ ካርታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ፈርዖኖች። ታንኳውን ማን አሰረው፣ ማን ቀዘፈው፣ ምን ተጫነበት፣ ከየትኛው ዳርቻ ተነሥቶ የት ወጣ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይታለፋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ ይልቅ በኋለኞቹ ላይ ተጽዕኖው የበረታው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 ኤዲንበርግ ላይ በአምስት ጥራዝ ያሳተመው የጕዞ ታሪክ ነው። ብሩስ በ1770 ግድም በጐንደር የነበረና አማርኛም የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ ምስክርነቱ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ስለ ደንገል ተክል ሰፊ ሐተታ ጽፏል፤ የአገሩ ጀልባ ከዚሁ ተክል እንደሚሠራ፣ ስሙም ታንኳ እንደሚባል፣ ከሥሩም እንደ አከርካሪ ሆኖ የሚያገለግል የግራር እንጨት እንደሚገባበት፣ ደንገሉም ተሰፍቶ ከፊትና ከኋላ ተሰብስቦ እንደሚታሰር ያስረዳል። ጸሐፊው ዐይኑን የሰጠው ለነገሩ አሠራር በመሆኑ ይህ ክፍል ዛሬም ያለ ድካም ይነበባል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ወይጦዎች የተጻፈው ግን ሌላ መልክ አለው። ወይጦዎች በሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ ጕማሬ በማደን ይተዳደሩ የነበሩ፣ ደንገል በማጨድና ታንኳ በማሰር የታወቁ ሕዝብ ናቸው። ብሩስ ቋንቋቸው በአገሪቱ ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ይናገራል። ይህን ለማረጋገጥ ሲልም ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች እንዲመጡለት አደረገ፤ ሰዎቹም ቀርበው ሲጠየቁ፣ እንሰቅላችኋለን ተብለው በተፈራሩ ጊዜ እንኳ መልስ አልሰጡም፤ ጥያቄውም የገባቸው አይመስልም ነበር። ብሩስ ይህን ሳይሸሽግ መጻፉ ይመሰገንለታል። ከእርሱ በኋላ የመጣ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቢያደርግ ኖሮ ከማስታወሻው ይፍቀው ነበር።

የሚያስወቅሰው ይልቁን የኋለኞቹ አነባበብ ነው። የወይጦን ቋንቋ ታሪክ የሚያነሡ ሁሉ የመጀመሪያውን ማስረጃ ከብሩስ ይጠቅሳሉ። የሚጠቅሱት ግን በግልጽ ሲታይ አንድም የተረጋገጠ ነገር ያልወጣበትን ምርመራ ነው። ሁለት ሰዎች ከሐይቁ ዳር ተይዘው፣ በማያውቁት አደባባይ ቆመው፣ ገመድ እየታያቸው ዝም ቢሉ፣ ዝምታው ስለ ቋንቋቸው ምን ይመሰክራል? ምናልባት ጥያቄው አልገባቸው ይሆናል፤ ምናልባትም በደንብ ገብቷቸዋል። ከ1770 እስከ 1907 ባለው ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ የሚናገሩ ሆነው አገኛቸው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግርዮልም በ1928 ይህንኑ አረጋግጦ፣ ከመካከላቸው የጥንት ቋንቋ እንደ ነበራቸው የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸውን ጨምሯል። በብሩስ ገጾች ላይ የተክሉ አበቃቀልና የጀልባው አከርካሪ በዝርዝር ሲገኙ፣ የጀልባው ሠሪዎች ድምፅ ግን የለም። ዛሬ ስለ ታንኳ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የከበደ ጕድለት አይገኝም፤ የእያንዳንዱ እስርና የእያንዳንዱ ክፍል ስም በዚያ ቋንቋ ይነገር የነበረ ከሆነ፣ ስሙ ከቋንቋው ጋራ ሄዷል ማለት ነውና።

ታንኳው ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንንም መጻሕፍቱ በሚገባ አላደመጡትም። ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ ውኃን ከውጭ የሚከለክል ዕቃ አይደለም። ውኃ በእስሩ መካከል ይገባል፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። ሰውና ጭነት እንዳይርስ ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግለታል። ቀዛፊው ሰፊ መቅዘፊያ ሳይሻ ሽመል ይዞ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይገፋዋል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከጕዞ በኋላ ከሐይቁ ተጐትቶ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ እንዲህም እየተደረገለት ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። ስለዚህ የታንኳ ዳርቻ መሳፈሪያ ብቻ ሳይሆን ማድረቂያም፣ ማሠሪያም ነው። የሚያስፈልገው የድንጋይ ግንብ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ወደ ውኃው የሚወርድ ሜዳና በቅርቡ የሚታጨድ ደንገል ይበቃዋል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ስሕተትን ያስረዳል። የሞተር ጀልባ ግን መቆሚያ ይፈልጋል፤ መቆሚያ ደግሞ ግንብ ነው፤ ግንብም ቀን ተጽፎለት፣ ተመርቆ፣ በመዝገብ ይቀራል። ጣልያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941፣ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባዎች ሠርተዋል፤ በሰሜኑ ዳርቻ ያለችው ጎርጎራም ወደብ ሆነች። ከዚያ በኋላ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በምዕራቡ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች እያደረ ወደ ጎርጎራ የሚሄድ መርከብ ለብዙ ዓመታት መንገደኛና እህል አመላልሷል። የባሕር ዳርን የውኃ ትራንስፖርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ታሪኩን ከዚህ ሲጀምሩ ይታያሉ። ወደብን ከግንብ ለይቶ ማየት የተሳነው ጸሐፊ፣ ግንብ የማያስፈልገው መሻገሪያ ታሪክ ያለው አይመስለውም።

ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን በ1936 ለንደን ላይ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ያወጣው መጽሐፍ ከዚህ ነቀፋ በከፊል ይድናል። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ሲቀመጥ ሐይቁን ዞሮ ደሴቶቹን በታንኳ ጐበኘ፤ የደሴቶቹና የአድባራቱ መግለጫ ዛሬም ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። የአእዋፍ ተመራማሪ እንደ መሆኑም ዐይኑ ንቁ ነው። ሆኖም ቺዝማን የሚያየው ታንኳው ላይ ተቀምጦ እንጂ ታንኳውን ተመልክቶ አይደለም፤ መሻገሪያው ለእርሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መድረሻ ነው። ዘመኑም ሊዘነጋ አይገባም። በ1902ቱ ውል ዐፄ ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ከተስማሙ ወዲህ፣ ሐይቁ በአውሮፓ ጽሕፈት ቤቶች የሚታሰበው በሜትር ኩብ ነበር። ውኃው የተለካበት ዘመን የውኃውን ሰዎች ለመቍጠር ጊዜ አላገኘም።

ወደ ኖርዌጁ ወደ ቶር ሄየርዳል ሲመጣ ነገሩ ይጠነክራል። ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት አስቦ ጣናን ጐበኘ፤ ራ ላላት መርከብም ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። መርከቧ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ታስራ ግንቦት 1969 ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣች፤ ከብዙ ሳምንት ጕዞ በኋላ የኋላ ክፍሏ እየሰጠመ ከባርባዶስ ሳትደርስ ተተወች። በሚከተለው ዓመት ሁለተኛይቱ ራ ደረሰች። ታሪኩን የያዘው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ ዓለምን ዞሯል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚከነክነው ነገር አንድ ነው። ደንገሉ ከጣና ተወሰደ፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ፣ ለሁለተኛይቱ መርከብ ደግሞ ከቦሊቪያ ከቲቲካካ መጡ። የጣና ሠሪዎች ቢጠሩ መርከቧ ባልሰጠመች ነበር ለማለት አይደለም። የእነርሱ ሥራ ለሐይቅ እንጂ ለውቅያኖስ አልታሰበም፤ ሄየርዳልም የሚሻውን ዓይነት አሠራር የመምረጥ መብት ነበረው። ነቀፋው በአስተሳሰቡ ላይ ነው። የጣናን ታንኳ ያየው ከመቃብር ሥዕል ላይ ወርዶ የሚንሳፈፍ የፈርዖን ጀልባ አድርጎ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ሠሪ አያስፈልገውም፤ ራሱን ጠብቆ አራት ሺሕ ዓመት የኖረ ይመስላልና። ታንኳ ግን በየጥቂት ወሩ የሚያረጅ ዕቃ በመሆኑ አንድም ጥንታዊ ታንኳ በዓለም ላይ የለም። ያለው የዛሬ ዓመት የታሰረ፣ ሠሪውም ዛሬ በገበያ የሚገኝ ነው። ሳይቋረጥ የኖረው ጀልባው ሳይሆን የእጁ ትምህርት ነው፤ ይህም ማን ለማን አስተማረ ተብሎ የሚጠየቅ የሰው ታሪክ ነው።

በዚህ ረገድ ለወይጦ የሚቈረቈሩ ጸሐፊዎችም ከስሕተት አልዳኑም። ታንኳን የአንድ ሕዝብ ብቻ አድርገው ያቀርባሉ። በደሴቶቹና በዘጌ የሚኖሩ ክርስቲያን ገበሬዎችና መነኰሳትም በታንኳ ይቀዝፋሉ። የዘጌ ነገርማ ብቻውን መጽሐፍ የሚገባው ነበር። በዚያ ቀበሌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን በበሬ ማረስ ክልክል ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕዝቡ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተክሎ እህሉን ከውጭ ይገዛል። እንዲህ ያለ አገር ያለ መሻገሪያ አንድ ዓመት አይኖርም፤ የቡናው ጫካ ሳይመነጠር የኖረውም ታንኳው እህል ስላመጣለት ጭምር ነው። የባሕር ዳር ገበያና የዘጌ ገዳማት የተሳሰሩበትን ይህን ክር ከጸሐፊዎቹ አንዱም እስከ መጨረሻው አልተከተለውም።

ወይጦዎች በመሻገሪያው ታሪክ ያላቸው ልዩ ቦታ ያለው በባለቤትነታቸው ሳይሆን በኑሮው ተቃርኖ ነው። እስልምናን የተቀበሉ ሲሆኑ ጕማሬ ይበሉ ነበር ተብለው በእስላሙም በክርስቲያኑም ሲናቁ ኖረዋል። ያሰሩትን ታንኳ የሚገዛ፣ የጠረቡትን ወፍጮ ወስዶ የሚፈጭበት ሰው ከማዕዳቸው አይቀርብም ነበር። የመሻገሪያ ታሪክ ይህን ካላስረዳ ምን ያስረዳል?

የከተማዋ የራሷ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት በጣልያን የጦር ካሣ በ1961 የቆመውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1963 በሶቭየት እርዳታ የተከፈተውን የፖሊቴክኒክ ተቋም፣ ሰፋፊዎቹን ጎዳናዎች ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ከተማዪቱን ከተማ ያደረጋትም ይኸው ነው። ይሁንና ከተማዪቱ ስትሰፋ ዳርቻው ለሆቴልና ለመናፈሻ ሲለይ፣ ወይጦዎች ከውኃው እየራቁ ሄደዋል። ከላይ እንደ ተገለጸው ታንኳ በዳርቻ ይታሰራል፣ በዳርቻ ይደርቃል፤ ዳርቻ ያጣ ሠሪ ሥራውን አጣ ማለት ነው። ደንገሉም በበኩሉ እየሳሳ ሄዷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ በሰው እጅ አስገብቷል፤ በ2010 የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ከ2011 ወዲህም እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ። እርሻው ወደ ውኃው እየተጠጋ ደንገሉን መንጥሯል። በ2015 ሐይቁና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው የዓሣውንና የአእዋፉን ዝርዝር ያበዛ ሲሆን፣ የታንኳ ሠሪውን ቃላት የሚሰበስብ ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ቃላት ሲባል፣ ለቋንቋ ተማሪ አንድ ነገር ሊጠቀስ ይገባል። የግእዙ ወንጌል የሐዋርያትን ጀልባ ሐመር ሲለው የአማርኛው ታንኳ ይለዋል። ጣናን አይቶ የማያውቅ፣ ደንገልም ምን እንደ ሆነ ያልተነገረው ሕፃን ሳይቀር ጴጥሮስን ያሰበው በታንኳ ላይ ነው። ቃሉ እንዲህ ሲሰፋ መዝገበ ቃላቱ ታንኳን «ትንሽ ጀልባ» ብሎ ቢያልፈው አያስገርምም፤ የሚያስገርመው የታንኳው አፍንጫ፣ ንጣፉ፣ እስሩ፣ ገመዱ ምን ምን እንደሚባል የሚነግር መጽሐፍ ተፈልጎ መታጣቱ ነው።

በግንቦት 2024 በባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት የተሠራው አሮጌው ድልድይ መሻገሪያውን ከታንኳ ከተረከበ ወዲህ፣ በዚያ ላይ ያለፈው ጭነትና ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ተመዝግቧል። ከድልድዩ በፊት በዚሁ ሥፍራ ያሻግሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች በከተማዪቱ አሉ። አንዳንዶቹ ለጎብኚ የሚሸጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ታንኳ ከደንገል ይሠራሉ፤ እስሩን ከማን እንደ ተማሩ ቢጠየቁም አባታቸውንና አያታቸውን በስም ይጠራሉ።