የባዕድ ጥለትና የአገር አበባ
ስለ ማክሲም ባህዳኖቪች ሕይወትና ቅኔ

ሰው በእናቱ ጕያ ሳለ የሰማውን ቋንቋ አድጎ ቢጽፍበት የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ከአገሩ ርቆ፣ የአገሩን ቋንቋ ከመጽሐፍ ገጽ ለቅሞ፣ በዚያው ቋንቋ ለወገኖቹ መኩሪያ የሚሆን ቅኔ ማበርከት ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የቤላሩሱ ባለቅኔ ማክሲም ባህዳኖቪች ነው። በዚህ ዓለም የኖረው ሃያ አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ በሕይወቱ ሳለ የታተመለትም የግጥም መጽሐፍ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ እስከ ዛሬ ከያንካ ኩፓላና ከያኩብ ኮላስ ጋራ ተጣምሮ ይጠራል። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ታሪኩን መተረክ ብቻ አላሰብንም፤ ሥራው የሚያስነሣውን አንድ ጥያቄ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ለመመርመር ነው እንጂ። ጥያቄውም፣ የገበሬ ቋንቋ እየተባለ በተናቀ ልሳን የባዕድን የግጥም ሥርዐት ማስገባት ቋንቋውን ማበልጸግ ነው ወይስ ሌላውን መምሰል? የሚል ነው።

ባህዳኖቪች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በሚንስክ ከተማ ተወለደ። አባቱ አዳም የሕዝቡን ተረትና ልማድ የሚሰበስብ፣ መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበር። እናቱ በ1896 በሳምባ ነቀርሳ ስትሞት ልጁ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። አባትየው ልጆቹን ይዞ ወደ ሩሲያ ከተማ ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ፣ ኋላም በ1908 ወደ ያሮስላቭል ሄደ። ስለዚህ ሕፃኑ ያደገው የሩሲያ ቋንቋ በሚነገርበት ጎዳናና በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ነው። የቤላሩስን ቋንቋ ያገኘው ከዘመዶቹ አንደበት፣ አባቱ ከሰበሰባቸው ጽሑፎችና ከመጻሕፍት ነው። በ1907፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በቪልና ይታተም በነበረው «ናሻ ኒቫ» በሚባለው ጋዜጣ የመጀመሪያው ድርሰቱ ወጣለት። «ናሻ ኒቫ» ማለት «ማሳችን» ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ አንባቢው ማን እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በዚያ ዘመን ይህ ቋንቋ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ዘንድ ራሱን ችሎ የቆመ ቋንቋ ሆኖ አይቈጠርም፤ በትምህርት ቤት አይማሩበትም፣ በመሥሪያ ቤትም አይጽፉበትም ነበር። ለማሳና ለጎጆ እንጂ ለጥልቅ አሳብ አይበቃም የሚሉት ብዙዎች ነበሩ። ባህዳኖቪች ለነዚህ ሰዎች በክርክር ብቻ መልስ መስጠት አልፈለገም፤ በሥራ አሳያቸው። «ቪያኖክ»፣ ማለት «የአበባ ጉንጉን»፣ የተባለው መጽሐፉ የ1913ን ዓመት ይዞ በቪልና ታተመ። በሥራው ውስጥ ዐሥራ አራት ስንኝ ያለው ሶኔት፣ እንደዚሁም በስምንት ስንኝ ውስጥ የመጀመሪያው ስንኝ ሦስት ጊዜ የሚመላለስበት ትሪዮሌት በቤላሩስ ቋንቋ ተገጥመው ይገኛሉ። ከዚህም ሌላ የሆራስን፣ የኦቪድን፣ የሃይነንና የቬርሌንን ግጥም ወደ ቋንቋው መልሷል።

እንግዲህ ነቃፊ ተነሥቶ «ይህ ሁሉ የተውሶ ልብስ አይደለምን?» ቢል ነገሩን በጭፍን ልንክደው አይገባንም። ከነዚህ ግጥሞች አንዳንዶቹ ከልብ ከመፍለቃቸው ይልቅ ቋንቋው ይህን ሸክም ይችል እንደ ሆነ ለመፈተን የተጻፉ እንደሚመስሉ እኛም እናምናለን። በእነዚህ ላይ የአንጥረኛው መዶሻ ድምፅ ይሰማል። ነገር ግን ባለቅኔው ራሱ ጥያቄውን ከነቃፊዎች በፊት አስቦ መልሶታል።

መልሱ ያለው «የስሉትስክ ሸማኔዎች» በተባለው ግጥሙ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በስሉትስክ ከተማ የራጅቪል መሳፍንት ወርቀ ዘቦ መቀነት የሚያሠሩበት የሽመና ቤት ነበራቸው። በግጥሙ ውስጥ ከቤታቸው ተወስደው በጌታው ግቢ የፋርስን ጥለት እንዲሠሩ የታዘዙ ሴቶች እናያለን። ከነሱም አንዷ በመስኮት ወደ ማሳውና ወደ ጫካው እየተመለከተች በናፍቆት ስትዋጥ፣ እጅዋ ሳይታወቃት በፋርስ ጥለት ፈንታ በአገርዋ የእህል ማሳ የሚበቅለውን ሰማያዊ አበባ ይሠራል። ክሩ የጌታው ነው፣ መቃኑም የጌታው ነው፣ አበባው ግን የርሷ ነው። በእኛ አስተያየት የባህዳኖቪች ሥራ በሙሉ በዚህ አንድ ምስል ይጠቀለላል። የሚያስገርመውም፣ ይህን ግጥም የያዘው «ቪያኖክ» የታተመው የዚያው የራጅቪል ቤት እመቤት ማግዳሌና ራጅቪል በሰጠችው ገንዘብ መሆኑ ነው።

በኋላም «የተረሳ መንገድ» በሚል ጽሑፉ ባለቅኔዎች የሕዝቡን ዘፈን ቸል ማለታቸውን ነቅፎ፣ ራሱ በሕዝብ ዜማ መንፈስ ግጥሞችን ጻፈ። ከውጭ የተማረውን ሳይጥል ወደ ምንጩ የተመለሰ ሰው እንደ አስመሳይ ሊቈጠር አይገባውም።

በ1916 የሕግ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ሚንስክ መጣ፤ በጦርነቱ ዘመን በአውራጃው የምግብ አቅርቦት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ እየሠራ ስደተኞችን ይረዳ ነበር። ቀን በመዝገብና በደብዳቤ መካከል የሚውል ሰው ማታ ብዕሩን ለቅኔ ማንሣት እንደሚችል ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም። እናቱን የገደለው በሽታ እሱንም ይዞት በ1917 በግንቦት ወር በያልታ ከተማ ብቻውን አረፈ። በመጨረሻዎቹ ቀኖቹ የደከመበት ሥራ የሕፃናት መማሪያ መጽሐፍ ነበር። መምህራን ይህን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፤ ሶኔትን ለሊቃውንት የጻፈ እጅ ፊደልን ለሕፃናት ማዘጋጀትን አልናቀም።

በሚንስክ በ1981 ሐውልት ቆመለት፣ በ1991ም በስሙ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ይሁን እንጂ በቤላሩስ ከተሞች ዛሬም በብዛት የሚሰማው የሩሲያ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የባህዳኖቪች ጥያቄ በሐውልቱ ሥር አልተቀበረም። ቋንቋ በሐውልት አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው ጥለቱ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የአገሩን አበባ የሚሠራበት እጅ ሲኖረው ነው።