ሒሳብ የሚከብደው ስለ ምን ነው? ስለ ሃርዲ መጽሐፍ

የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ ጎድፍሬይ ሃርዲ በ1940 ዓ.ም. አንዲት ታናሽ መጽሐፍ አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጠራዋለን)። ስሟ በቋንቋችን «የአንድ የሒሳብ ሰው የመከላከያ ቃል» እንደ ማለት ነው። ሃርዲ ያን ጊዜ ከ60 ዓመት አልፎ ነበርና አዲስ ነገር የማግኘት ኀይሉ እንደ ተለየው ያውቃል፤ ስለዚህ መጽሐፉን የሚጀምረው በኀዘን ነው። የሒሳብ ሰው ሒሳብን መሥራት ትቶ ስለ ሒሳብ ለመጻፍ መቀመጡ ለእርሱ እንደ ውርደት ነበር። አነጋገሩ ንጹሕ ነው፥ ትርፍ ቃል አይገኝበትም። ሰውየው ሃይማኖት አልነበረውም፤ ዳሩ ግን የሒሳብ ነገር ከእኛ ልቡና ውጭ አስቀድሞ ያለ ነው፥ እኛም እናገኘዋለን እንጂ አንፈጥረውም ብሎ ያምን ነበር። ይህን ቃል ከካህን አፍ ብንሰማው ባልደነቀን ነበር።

መጽሐፉን ብዙ ሰው አመስግኖታል፤ እኛም እናመሰግነዋለን። ነገር ግን አንድ ነቀፋ አለን።

ሃርዲ የሒሳብን ውበት ለማያውቅ ሰው ለማሳየት ሁለት ማስረጃዎችን ይመርጣል፤ ሁለቱም ከግሪኮች የመጡ፥ ዕድሜያቸውም ከ2000 ዓመት በላይ የሆነ ነው። አንደኛው የእስክንድርያው ኤውክሊድስ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች የጻፈው ነው። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው እንደ 2፥ እንደ 3፥ እንደ 5፥ እንደ 7 ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር እኩል አድርጎ የማይከፍለው ነው። እነዚህ ቁጥሮች መጨረሻ አላቸውን? የላቸውም። 2ና 3ና 5 ብቻ ናቸው የሚል ሰው ቢነሣ፥ ሦስቱን አባዝቶ 30 ያገኛል፤ 1 ቢጨምርበት 31 ይሆናል፤ 31ን በ2ም በ3ም በ5ም ቢያካፍለው ሁልጊዜ 1 ይተርፈዋል፤ እንግዲህ እርሱ ያልቈጠረው ሌላ ብቸኛ ቁጥር መኖሩ ግድ ነው። የፈለገውን ያህል ብዙ አድርጎ ቢቈጥርም ነገሩ ያው ነው። ይህን ተማሪ ቤት የገባ ልጅ በአንድ ቀን ይረዳዋል። ነቀፋችንም ከዚህ ይነሣል። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ «ሒሳብ ማለት ይህ ከሆነ ሰዎች ጭንቅ ነው የሚሉት ስለ ምን ነው?» ይላል፤ በኋላም ከፍ ያለ መጽሐፍ ገልጦ አንድ መስመር ስንኳ ሳይገባው ሲቀር ጉድለቱን በራሱ አእምሮ ላይ ያኖራል።

በዚያው በብቸኛ ቁጥሮች ላይ አንድ እርምጃ ብቻ እንቀጥል። መጨረሻ እንደሌላቸው አወቅን፤ ግን ምን ያህል ተራርቀው ይቀመጣሉ? እስከ 100 ድረስ 25 ናቸው፤ እስከ 1,000 ድረስ 168፤ እስከ 1,000,000 ድረስ 78,498። እየሳሱ ይሄዳሉ ማለት ነው፤ ከአንዱ ወደሚቀጥለው ያለውን ርቀት ብንመለከት ግን ሥርዓት አይታይበትም። የጀርመኑ ጋውስ ገና የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ሰንጠረዥ እየቈጠረ የመሳሳታቸውን ልክ አገኘ፤ ይኸውም ቁጥሩን በተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ ማካፈል ነው። ለ1,000,000 ይህ ስሌት 72,382 ያህል ይሰጣል፤ ቁጥሩ እየተለቀ ሲሄድ እውነተኛው ብዛት ለስሌቱ ቢካፈል ወደ 1 እየተጠጋ ይሄዳል። ልኩን አየ እንጂ ማስረጃውን አልሰጠም። ማስረጃው የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1896 ዓ.ም. ነው፤ የፈረንሳዩ ሃዳማርና የቤልጂጉ ደ ላ ቫሌ ፑሳን ለየብቻቸው ደረሱበት። ሁለቱም የሄዱበትን መንገድ የጠረገው ሪማን በ1859 ዓ.ም. ከዐሥር ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ነው። መንገዱም ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሥሩ ሲፈለግ በሚወለዱት፥ ምናባዊ በሚባሉት ቁጥሮች በኩል ዞሮ ወደ ተራው ቁጥር የሚመለስ ነው። ጎረቤት ለመጠየቅ ባሕር ተሻግሮ እንደ መምጣት ያለ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ የጭንቁን ምክንያት ያገኘ ይመስለዋል፤ ባዕድ የሆኑት ስሞችና ምልክቶች ቢወገዱ ነገሩ ግልጥ ይሆናል ይላል። ሃርዲ ራሱ በ1921 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ለሒሳብ ማኅበር ባደረገው ንግግር ይህን ጕዳይ አንሥቶ ነበር። ያለ እነዚያ መሣሪያዎች የሚያስረዳ ይገኛል ብሎ መጠበቅ የማይመስል ነው፤ ቢገኝ ግን ጥልቅና ቅርብ ስለምንለው ነገር የነበረን አስተያየት ስሕተት ሆኖ፥ መጻሕፍቱ ተጥለው ትምህርቱ እንደ ገና ሊጻፍ ይገባል አለ። እነሆ ኖርዌጃዊው ሴልበርግና የሀንጋሪው ኤርዶሽ አገኙት፤ በ1949 ዓ.ም. ታተመ። ምናባዊ ቁጥር አልገባበትም፤ ከሎጋሪዝም እምብዛም የራቀ ስም የለበትም። ታዲያ ምን ሆነ? መጻሕፍቱ አልተጣሉም። አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ይልቅ የሚያደክም ሆነ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ይገባል፥ ወዴት እንደሚወስድ ግን እስከ መጨረሻው አይታይም። ዛሬም መምህራን ተማሪውን ብዙውን ጊዜ የሚመሩት በምናባዊው ቁጥር በኩል ነው፤ በ1980 ዓ.ም. ኒውማን የተባለ አሜሪካዊ በዚያው በኩል ሄዶ ማስረጃውን በጥቂት ገጽ አሳጠረው።

እንግዲህ ስሞቹ ደረጃ ሆነው የተገኙ ናቸው፤ ተራራው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለው ርቀት ነው፥ ደረጃውን ያፈረሰም በገደሉ ይወጣል። የመጻሕፍት ቤት ሰው ይህን ያውቃል። ግእዙ ከብዶኝ ነው ያልገባኝ የሚል ተማሪ አንድምታውን በአማርኛ ይሰማል፤ ቃሉ ሁሉ የእናቱ ቋንቋ ነው፤ ምሥጢሩ ግን ከመምህር እግር ሥር ብዙ ዘመን ካልተቀመጠ አይገለጥለትም።

ነገሩ ለእኛ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ከፍተኛ ሒሳብ ስም ስለሌለው በአማርኛ ሊጻፍ አይችልም የሚሉ አሉ፤ ስሞቹ ቢተረጐሙ ጭንቁ ይጠፋል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ጭንቁን በቃል ላይ ያኖራሉ። ስሞቹ ቢተረጐሙ እኛም እንወዳለን፤ ነገር ግን ከትርጕሙ በኋላ ያው ርቀት ቢጠብቀን አማርኛን አንውቀስ፥ ተማሪውንም ደንቆሮ አንበለው።

ሃርዲ ይህን ያላወቀ ሰው አልነበረም። በመጽሐፉ መካከል ስለ ጥልቀት ጥቂት ገጽ ይጽፋል፤ የሒሳብ አሳብ እንደ ምድር ንጣፍ የተነባበረ ነው፥ ወደ ታች በተወረደ መጠንም አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል ይላል፤ የብቸኛ ቁጥሮችንም አሰፋፈር ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል። ከዚያም ጥልቀት ለሒሳብ ሰው ስንኳ የማይጨበጥ ነገር ነው፥ ለሌላው አንባቢ ከዚህ በላይ ብናገር ብዙ አይጠቅመውም ብሎ ያልፋል። ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጠን የምንፈልገው ይህ ነበር። እንግዳውን በረንዳ ላይ አስቀምጦ መልካም ቡና አጠጣው፥ ቤቱን ግን አላሳየውም። እንዳያስፈራው ብሎ ይሆናል።

መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢነሣ የኮፐንሃገኑን ንግግር በዚያ ክፍል ግርጌ ቢያስገባልን መልካም ነው። ሃርዲ ራሱ ሊያርመው ጊዜ አላገኘም፤ በዲሴምበር 1 ቀን 1947 ዓ.ም. ሞተ፥ የሴልበርግና የኤርዶሽ ማስረጃ የተገኘው በተከታዩ ዓመት ነው።