የጧፍ ብርሃን

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር፣ የላምባ ኩራዝና ፋኖስ በየጎጆው ከመግባቱ አስቀድሞ፣ የሌሊቱን ጽልመት የሚያርቀው አብዛኛውን ጊዜ የምድጃው እሳት ሲሆን፣ ከደጅ ለሚወጣ መንገደኛ ችቦ፣ ለጸሎትና ለክቡር እንግዳ ግን ጧፍ ነበረ። የጧፍን ክብር አጥብቆ የሚያውቅ አሠራሩን ያየ ሰው ነው፤ ጠጁ ሲጠለል የሚቀረው ሰፈፍ በውሃ ተፈልቶ በጨርቅ ይጨመቃል፣ ሰሙም ሲበርድ በውሃው ላይ ይረጋል፤ ዳግመኛ በ63 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ፣ እናቶች በእንዝርት ፈትለው፣ ደርበው ያከረሩት የጥጥ ፈትል በውስጡ እየተሳበ ያልፋል፣ ከዚያም በመዳፍ እየተሻሸ ይለሰልሳል። ማር በበረከተበት በጎጃም ምድር፣ ከግብዣው መጠጥ የተረፈው ሰፈፍ የመቅደስ መብራት ለመሆን መብቃቱ ዘወትር ያስደንቀኛል። ብርሃኑስ ጠባብ ነው፤ የመዝሙረ ዳዊቱን ገጽ ገልጦ ከማሳየት አልፎ ከግድግዳው አይደርስም፤ ነገር ግን ኩራዙ ጣራውንና ብራናውን በጥላሸት ሲያጠቁር፣ ጧፉ የማር መዓዛ ያለው ንጹሕ ነበልባል ነውና፣ ቤተ ክርስቲያናችን ኤሌክትሪክ ከገባላት በኋላ እንኳ በማኅሌቱና በቅዳሴው ጊዜ አልተለየችውም።